የሕዝብ ገንዘብ

ኖርዌይ፣ ቫይትቬት በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ኮሙኑ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ የሚከፍልልንን የኖርዌይኛ ትምህርት በምንማርበት ዘመን ነው። አንድ ቀን አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ «ክሮነ» ብላ ጻፈች። ዘውድ ማለት ነው። የየአገራችን ገንዘብ ስም ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችን። የእኔ ቀላል ነበር፤ ብር ያው ብር ነው፣ ጌጥ የሚሠራበት፣ አልኳት።

አጠገቤ ለሚቀመጡት ቻይናዊ አዛውንት ተራ ደረሳቸው። መቁጠሪያው ዩዋን ነው፣ ክብ ማለት ነው አሉ፤ ዱሮ ክብ የብር ሳንቲም ስለነበረ። የገንዘቡ ስም ግን ሬንሚንቢ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ።

«እንዴት ደስ ይላል!» አለች አስተማሪዋ።

እኔ ክው አልኩ። እነዚህን ሁለት ቃላት ሽሽት አይደል እንዴ እዚህ በረዶ ውስጥ የገባሁት! በደርግ ጊዜ አባቴ የቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ገንዘብ ያዥ ነበር። አንድ ጠዋት አስከሬኑን ደጃችን ጥለውት ሄዱ፤ ደረቱ ላይ «የሕዝብ ገንዘብ የበላ» የሚል ካርቶን ነበር። እናቴ እንዳታለቅስ ተከለከለች። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የኔ አባት ለመቆጨት እንኳ ጊዜ አላገኘም። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሰው እኛን ሲያይ መንገድ ይቀይር ጀመር።

በእረፍት ሰዓት አዛውንቱ ኮሪደር ድረስ ተከተሉኝ። በዚህ አገር አንቱታ የለም፤ የአባቴን እኩያ «አንተ» ማለት እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ያስከፋኝ ስሙ መሆኑ ገብቷቸው ነበር መሰል።

«እኛ ገበያ ላይ እንደዚያ አንለውም» አሉኝ። «ኳይ ነው የምንለው፣ ቁራጭ እንደማለት። የሕዝብ የሚለው መንግሥት ነው።»

በኮልታፋ ኖርዌይኛዬ፣ አባቴን የሕዝብ ገንዘብ በላህ ብለው ገደሉት አልኳቸው። ለካ በኖርዌይኛ ገንዘብ አይበላም! ግራ ገብቷቸው በጣታቸው አፋቸውን አሳዩኝ። ሌላ የማውቀው ቃል «ሰረቀ» የሚለው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከአባቴ ጋር አያይዤ ልናገር ብል አፌ እምቢ አለኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ በምልክት አስረዳኋቸው።

ገባቸው። «ወስዶ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህን ካድሬዎቹ አልጠየቁም። ጎረቤት አልጠየቀም። እናቴና እኔም ተጠያይቀን አናውቅም።

«ኔይ! አልወሰደም!» አልኩ፤ ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ። እናቴ የተከለከለችውን ለቅሶ እዚያው ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩት።