አድሚራልን ያሰለጠነው ባዶ ሲሊንደር

ዶን ቤላርሚኖ ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመው። እሱ የፈለገው ደወሉን ነበር። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ከቫልፓራይሶ ኮረብታዎች በአንዱ አናት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሰው ጭኖ ገደሉን በገመድ የሚወጣውንና የሚወርደውን አሮጌ ባቡር ሲያንቀሳቅስ የኖረው በዚያ ደወል ነው። ከታች አንድ ጊዜ ሲደወል ያቆማል፤ ሁለት ጊዜ ሲደወል ያስነሳል። ከዚህ ውጭ መንግሥት ቢገለበጥ፣ ምድር ቢንቀጠቀጥ እሱን አይመለከተውም። አማቱ የሞተች ዕለት እንኳ ማን እንደሞተ የጠየቀው ተረኛው ከተቀበለው በኋላ ነው ይባላል።

እንዲህ ያለ ሰው ቤት ሲውል ምን ይሠራል? የድስት ክዳን እየከፈተ ያያል። ሚስቱ ዶኛ ኤርሜሊንዳ ሦስት ሳምንት ቻለችው። በአራተኛው፣ "ስማ አንተ ሰውዬ፣ ይህን ድስት ደግመህ ከከፈትከው አብረህ ነው የምትበስለው!" አለችው።

ቤላርሚኖ በማግስቱ ሽንኩርት ሊገዛ ወርዶ ቡችላ ይዞ መጣ።

ቡችላው ወደቡን የረገጠ መርከብ ሁሉ ጥቂት ጥቂት አዋጥቶ የሠራው ይመስላል። አንድ ጆሮው ቆሟል፣ አንዱ ተኝቷል፤ እግሩ የጥጃ፣ ጭራው የአሳማ። ቤላርሚኖ ስሙን፣ እንደ ባሕር ኃይል አዛዥ፣ አድሚራል አለው። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ባየ ቁጥር አልጋ ሥር የሚገባ አድሚራል! በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ትራስ፣ ያንን የግድግዳ ሰዓት (ለዚህስ ጌታው በልቡ አመስግኖታል) እና የጎረቤታቸውን የዶኛ ዙኒልዳን ሦስት ነጠላ ጫማ በላ። ሦስቱም የግራ ነበሩ።

"ቀኝ ቀኙን ምን ላድርገው?" ብላ መጣች ዙኒልዳ፣ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት የሆናት ሴት። "ቀኝ እግር ብቻ ያለው ባል ፈልጉልኛ እንግዲህ!"

ኤርሜሊንዳ እዚያው ችሎት ተሰየመች። "እሑድ በሻይ ሰዓት፣ ዙኒልዳ ቁጭ ብላ እያየች፣ ተቀመጥ ሲባል ይቀመጣል፤ ና ሲባል ይመጣል። እምቢ ካለ ሰኞ ጠዋት ኪዮታ ገጠር፣ የዙኒልዳ ልጅ ዶሮ እርባታ ይሄዳል።"

"ዶሮ እርባታ? ዶሮዎቹን ይጨርሳቸዋል እኮ!"

"እሱን ዶሮዎቹ ይጨነቁበት።"

ቤላርሚኖ ተሳቀቀ። ውሻው ትራስ ቢበላም፣ ጠዋት ሲነሳ ሥራ የሚሰጠው እሱ ብቻ ነበር። ሰኞ ቀኑን ሙሉ በልመና "ተቀመጥ" ሲለው ዋለ፤ ቀጥሎም በቁጣ አለው። አድሚራል የምክር ቤት ዕጩ ጡረተኛን በሚያይበት ፍቅር ትክ ብሎ አየውና ጥሎት ሄደ።

ማክሰኞ ሲነጋ ግን መላ ብልጭ አለለት። ደወል ነዋ የጠፋው! ሰውም ባቡርም ያለ ደወል መች ሥርዓት ይይዛል? ደወል የለም። በዚያ ኮረብታ እንዳለው በር ሁሉ ግን፣ በሩ ላይ ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ተገትሯል። ከማሽን ክፍሉ "ተሳስቶ" ያመጣው ትልቅ መፍቻም አለ። አንድ ጊዜ ጓ! ሲያደርግ የውሻውን ቂጥ ጫን አድርጎ ቋሊማ ያጎርሰዋል፤ ሁለት ጊዜ ጓ-ጓ! ሲያደርግ ገመዱን ስቦ ሌላ ቋሊማ። እኩለ ቀን ላይ ገመዱም ጫናውም አላስፈለገም። አድሚራል በጓ! ይቀመጣል፤ በጓ-ጓ! እየበረረ ይመጣል።

ችግሩ፣ ኮረብታውም አብሮ መሠልጠኑ ነው። ጋዝ ሻጩ ኖልቤርቶ የመኪናው ማርሽ ተሰብሮ ከቀረ አሥር ቀኑ ነበር፤ መንደሩ በጸሎት ነበር የሚያበስለው። ኖልቤርቶ ደግሞ መምጣቱን የሚያሳውቀው እንደ ማንኛውም ጋዝ ሻጭ ሲሊንደር በብረት እየደበደበ ነው። እናም ቤላርሚኖ ጓ-ጓ! ባደረገ ቁጥር በሮች ይበረገዳሉ፤ ፀጉሯን የጠቀለለች ሴት፣ ግማሽ ፊቱን የተላጨ ወንድ፣ ሁሉም ሲሊንደሩን ተሸክሞ ይወጣል።

"ጋዙ የታለ?"

"ጋዝ አይደለም፣ ውሻ ነው።"

"ባቄላውን ውሻ ላይ ልጣደው?"

ሐሙስ ዕለት አንዱ፣ "ዶን ቤላርሚኖ፣ አንዴ ቢደግሙት መፍቻውን ሲሊንደሩ ላይ አይደለም የማሳርፈው" ብሎ ሳይጨርስ ገባ። እንግዲህ ኖልቤርቶ ማርሹን አሠርቶ ሲመለስ ምን ሊሆን እንደሚችል መንደሩ ሁሉ ገብቶታል፤ ያልገባው ቤላርሚኖ ብቻ ነበር። ግራ ጆሮውን ማሽኑ ደፍኖታል፤ ቀኙን ደግሞ ደስታ።

እሑድ ደረሰ። ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ወጣ፤ የኤርሜሊንዳ የሠርግ ጠረጴዛ ልብስ ተዘረጋ፤ ሻይ፣ ትኩስ ዳቦ፣ የተፈጨ አቮካዶ ቀረበ። ዙኒልዳ ሁለት የቀኝ ነጠላ ጫማ አድርጋ መጥታ፣ ፊት ለፊት እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ማስረጃ መሆኑ ነው።

ጓ!

አድሚራል ተቀመጠ። ኤርሜሊንዳ ዳቦውን አፍንጫው ሥር አሳለፈች። ለሃጩ ተንዠረገገ፤ ቂጡ ግን ከመሬት አልተላቀቀም።

"ኧረ ጉድ!" አለች ዙኒልዳ። "የኔ ልጅ ለማዕረግ ደርሶ እንዲህ አልተቀመጠልኝም።"

ቤላርሚኖ እንደ ጳጳስ ቀና አለና ለ"ና" መፍቻውን አነሳ። ገና ሳይመታው ከታችኛው መንገድ፣ ጓ-ጓ! ጓ-ጓ! ጓ-ጓ!

ኖልቤርቶ መጣ።

አድሚራል ደግሞ ከዚህ የበለጠ ታዛዥ ውሻ ዓለም አላየችም። ና ተባለ፤ ሄደ። በጠረጴዛው ሥር ሲያቋርጥ የጠረጴዛው ልብስ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ ሻይ፣ ዳቦና አቮካዶ ዙኒልዳ እቅፍ ውስጥ ቀሩ፤ እሱ እንደ ሙሽራ ነጭ ልብስ እየጎተተ ከቤቱ እስከ ታችኛው መንገድ ያለውን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ቁልቁል ተወነጨፈ። ቤላርሚኖ መፍቻውን ጥሎ ተከተለው። ከታች ኖልቤርቶ መኪናውን እየነዳ በመስኮት ሲሊንደሩን ይደበድባል፤ ጓ-ጓ! ባለ ቁጥር ውሻው "እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ" የሚል ይመስል መኪናውን ይዞራል።

"ኖልቤርቶ! መምታቱን ተው!" ይላል ቤላርሚኖ ከደረጃው መሐል፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ።

"ዶን ቤላ! ስንት ሲሊንደር ላምጣ?" ይላል ኖልቤርቶ፣ እየመታ።

ኤርሜሊንዳ ከአጥሩ ላይ አየች። ስለ ጠረጴዛው ልብስ ልትጮህ አፏን የከፈተችው ሴትዮ ሌላ ነገር አየች፤ ባሏ በዚያ በታመመ ጉልበቱ ሁለት ሁለት ደረጃ ሲዘል።

"ያ ጉልበት! ይሰበርብኛል ይኼ ሰው! አንተ! ቁም!"

ማን ሊሰማት? መፍቻውን ከመሬት አነሳችና ሠላሳ ዘጠኝ የትዳር ዓመት ያጠራቀመችውን ኃይል ሁሉ ባዶው ሲሊንደር ላይ አሳረፈችው።

ጓ!

አድሚራል መንገዱ መሐል ዱብ ብሎ ተቀመጠ። ቤላርሚኖ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀጥ አለ፤ እጁ ሳያስበው ፍሬን ፍለጋ አየር ላይ ተዘረጋ። ኖልቤርቶም ደንበኛ ጠራኝ ብሎ መኪናውን አቆመ።

ኤርሜሊንዳ መፍቻውን አየችው። ቀስ ብላ ሁለት ጊዜ መታች። ጓ-ጓ!

ሦስቱም መጡ። ውሻው በጠረጴዛ ልብስ ተጀቡኖ ከፊት፣ ቤላርሚኖ እያነከሰ ከመሐል፣ ኖልቤርቶ ሙሉ ሲሊንደር ተሸክሞ ከኋላ፤ ተሰልፈው ፊቷ ቆሙ።

"ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በአፌ ስለፋ፣" አለች፣ "መድኃኒቱ ደጃፌ ላይ ተገትሮ ኖሯል!"

"ኤርሜሊንዳዬ፣" አለ ቤላርሚኖ፣ "ሰኞ… ኪዮታ…?"

"ምን ኪዮታ? ተቀመጥ ተባለ፣ ተቀመጠ። ና ተባለ፣ መጣ። ያውም ሦስት ሆኖ!" መፍቻውን በሽርጧ ኪስ ከተተችው። "እዚሁ ይኖራል። ደወሉ ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው።"

ዙኒልዳ አቮካዶውን ከቀሚሷ ላይ እየጠራረገች የኖልቤርቶን እግር ቁልቁል አየች። "ይኼ ሰው ሚስት አለው እንዴ?" አለች ለማንም ሳይሆን።

በማግስቱ ኤርሜሊንዳ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ፣ ቤላርሚኖ ጫማውን አውልቆ ወደ ማድቤት ገባና የድስቱን ክዳን በሁለት ጣቱ ያዘ።

ጓ!

ኤርሜሊንዳ ከጓሮ መቼ ወደ ሲሊንደሩ እንደዞረች እንጃ፤ እጁ ክዳኑ ላይ ደረቀ። በሩ ሥር አድሚራል ቁጭ ብሏል። ተያዩ። ቤላርሚኖ ክዳኑን ለቆ አጠገቡ ቁጭ አለና፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ሁለተኛውን ደወል መጠበቅ ጀመረ።