ኦሪጅናል ጌም የመግዛት አበሳ

መጀመሪያ የገዛነው ካሴት ውሸታም ነበር። ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በውስጡ መቶ ምናምን ጌሞች እንዳሉ ይናገራል። እኔና ታላቅ ወንድሜ ካዛንቺስ ቤታችን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠን አንድ በአንድ ስንከፍታቸው ግን ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ሆኑ። ያው ታንክ፣ ያው ሞተር ሳይክል፣ ያው ሯጭ ሰውዬ ስማቸውን እየቀየሩ ይመለሳሉ። አንዳንዱ ላይ የሰማዩ ቀለም ብቻ ተቀይሯል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከመሃል ይጀምራል።

ጊዜው የሰማንያዎቹ ማለቂያ ነው። አባታችን የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ፣ ካሴት የሚጎርስ የቻይና ጌም አንድ ቀን በካርቶን ይዞልን መጣ። ካሴቱን ግን ራሳችን ነን የመረጥነው። ለዚያ ስንል ምን ያህል ጊዜ ለብስኩት የተሰጠንን ሳንቲም እንዳጠራቀምን እኛ ነን የምናውቀው። እናቴ ሳለቅስ ስታየኝ እጄን ይዛ ወደ ሱቁ ወሰደችኝ። ባለሱቁ ሬዲዮ፣ ባትሪና የሰዓት ማሰሪያ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ጌሞቹ አንድ ዓይነት ናቸው እያሉ ነው። እባክዎ ይቀይሩላቸው» አለቻቸው።

«ካሴቱ ይሠራል አይሠራም?»

«መሥራቱንስ ይሠራል።»

«ታዲያ ምን ጎደለው? ልጆች ናቸው፣ ይለምዱታል።»

እናቴ ሽማግሌ ፊት መከራከር አይሆንላትም። ይዛኝ ተመለሰች። ወንድሜ እውነትም ለመደው፤ በሳምንቱ ታንኩን እየነዳ ይስቅ ነበር። እኔ አልለመድኩትም። አንድ ነገር ላዩ ላይ የተጻፈውን ሆኖ እንዲገኝ የመፈለግ አባዜ የያዘኝ ያኔ ይመስለኛል፤ እስከ ዛሬም አለቀቀኝም።

ከዚያ የፕሌይስቴሽን ቤቶች መጡ። እኛ ሰፈር የመጀመሪያው የተከፈተው ድሮ ልብስ ሰፊ ይሠራበት በነበረ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ የተደረደሩ ሦስት ቴሌቪዥኖች፣ ከፊታቸው አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ ደግሞ ጨርቅ መጋረጃ። ጌም መግዛት የሚባል ነገር ለጥቂት ዓመታት ከሕይወታችን ወጣ። የምንገዛው ጨዋታ ሳይሆን ተራ ሆነ። ከፍለህ ትቀመጣለህ፣ ትሸነፋለህ፣ ትነሳለህ።

የሚከፈተውም ኳስ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ታሪክ ያለው ጌም ነበር የምወደው፤ ሰውየው ከተማ ለከተማ እየዞረ ሰው የሚያነጋግርበት፣ የተቆለፈ በር የሚከፍትበት ዓይነት። እንዲህ ያለ ሲዲ መደርደሪያው ላይ አይቼ ቤቱን የሚጠብቀውን ልጅ ክፈትልኝ ስለው ሳቀብኝ።

«እሱን ማን ይጠብቅሻል? አያልቅም እኮ። ኳስ ካልፈለግሽ ለሌላ ሰው ልቀቂ።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ጎረምሶችም ወደ ወንድሜ ዞሩ። «እህትህ ናት? ለምን ቤት አትልካትም?»

«ከኔ ጋር ናት። ምን አገባችሁ?» አለ ወንድሜ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። ለዚህች መልሱ ብዙ ነገር ይቅር ብዬዋለሁ። ቢሆንም ጆይስቲኩን አልሰጠኝም።

ዘጠናዎቹ ከተጋመሱ በኋላ ወንድሜ ሥራ ያዘና ያገለገለ የፕሌይስቴሽን ማሽን ገዛ። ኮፒ ሲዲ እንዲያነብ ውስጡ ቺፕ ተበይዶበታል። ያኔ ጌም መግዛት ማለት ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ሲዲ ቤት መሄድ ማለት ነበር። ሻጩ በኛ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። ሲዲዎቹን በትልቅ የፕላስቲክ አልበም ደርድሯቸዋል፤ በየኪሱ ውስጥ በቀለም ፕሪንተር የታተመች የደበዘዘች ሥዕል አለች። ምን አለህ ስትለው መልሱ አንድ ነው፤ «ሁሉም አለ»።

ወንድሜ አልበሙን ሲያገላብጥ ዓይኑ ይቅበጠበጣል። በአንዴ አምስት ስድስት ይዞ ይመጣል፣ እያንዳንዱን ለትንሽ ደቂቃ ይሞክራል፣ ከዚያ ተመልሶ ኳስ ላይ ይቀመጣል። እኔ አንድ ነበር የምፈልገው። ያችኑ አንዷን፣ ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ።

አገኘኋትም። በረዷማ ከተማ ውስጥ የጠፋ አባቷን የምትፈልግ ልጅ ታሪክ ነው። ከክፍል ወደ ቤት እየሮጥኩ ሳምንታት ተጫወትኩት። አንድ ቀን ልጅቷ የአንድ ምድር ቤት በር ስትከፍት ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቀረ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ያው ነጭ። ሲዲውን በጥጥ ጠረግኩት፣ በጥርስ ሳሙና ሳይቀር አሸሁት። ያው።

«የማሽንሽ ሌንስ ደክሟል፤ አስጠርጊው» አለኝ ሻጩ።

ሌንሱን አስጠረግን። እዚያው በር ላይ ቆመ። ሄጄ ሌላ ኮፒ ወሰድኩ፤ እሱም እዚያው በር ላይ ቆመ። በሦስተኛው ትዕግሥቴ አለቀ።

«እውነቱን ንገረኝ። ሁሉንም የገለበጥከው ከአንድ ሲዲ ነው አይደል?»

«እና ከስንት ልገልብጠው?» አለኝ፤ ከልቡ ገርሞት።

«ኦሪጅናል የለህም?»

«ኦሪጅናል? ኦሪጅናል ማን ይገዛል? ነይ በቃ፣ በሌላ ልቀይርልሽ። ሁሉም አለ።»

የወሰድኩት የመኪና እሽቅድምድም ነበር። አንድ ጊዜም ሳልጫወተው ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁት።

ሁለት ሺዎቹ ሲገቡ ያው ሲዲ ቤት አልበሙን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና በሩ ላይ «ጌም እንጭናለን» ብሎ ለጠፈ። አሁን ሲዲ የለም። ሃርድ ዲስክህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ እሱ ከራሱ ኮምፒዩተር ጋር ይሰካዋል፣ እስኪሞላ ድረስ ይጭንልሃል። ወንድሜ ገነት የገባ መሰለው። ቅዳሜ ከሰዓት ሄዶ አስጭኖ ይመጣና ሶፋው ላይ ተቀምጦ ዝርዝሩን ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ሲያንሸራትት ይመሻል።

«ምን እንጫወት?» ይለኛል።

«ምን አለ?»

«ብዙ ነው። ምን የሌለ አለ?»

ከዚያ ሁሉ መሃል አንዱንም ሳንጫወት ፊልም ከፍተን እናያለን። በዚያች ሶፋ ላይ ስንት ጊዜ እንደተናደድኩ! ድሮ አንዲት ውሸታም ካሴት ብትሆንም አብረን ተጣልተንባታል፣ ተሳስቀንባታል። አሁን ቤቱ ጌም በጌም ሆኖ የሚጫወት ጠፋ።

ከዚህ በኋላ ነው የራሴን ማሽን እገዛለሁ ብዬ የወሰንኩት። ሥራ ይዣለሁ፤ እዚያው ካዛንቺስ በአንድ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ነበርኩ። ከዱባይ ዕቃ በምታመጣ ሴት በኩል አዲስ ማሽን አስመጣሁ። ሳይነካካ፣ ሳይከፈት፣ ካርቶኑ እንደታሸገ። ቺፕ አይበየድበትም፣ አይጫንበትም፤ ጌሙን እንደ ሰው ገዝቼ እጫወታለሁ አልኩ። ወንድሜ ይህን ስነግረው ያየኝ እንደታመመ ሰው ነው።

ማሽኑን ስከፍት ሱቁ ውስጡ ነው። መሄድ የለ፣ መከራከር የለ፣ አልበም የለ። ሥዕሉን መርጠህ ግዛ የሚለውን መጫን ብቻ። ደስ ብሎኝ መመዝገብ ጀመርኩ። ስም፣ የልደት ቀን፣ ከዚያ ሀገር። ዝርዝሩን ወረድኩ። ኢስቶኒያን አገኘሁ፤ ቀጥሎ ያለው ፊንላንድ ነው። ያለፈኝ መስሎኝ ተመለስኩ። ኢስቶኒያ፣ ፊንላንድ። በሌላ ፊደል ጽፈውን ይሆናል ብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የለንም። ገንዘቤን ይዤ ሱቁ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ሱቁ ግን እኔ የምኖርበት ሀገር መኖሩንም አያውቅም።

የሥራ ባልደረባዬ ወሎ ሰፈር አንድ ሰው አለ አለችኝ፤ ሞባይል የሚጠገንበት ፎቅ ላይ ተቀምጦ ለእንዲህ ያለ ሱቅ በገንዘብ ፈንታ የሚሆን ኮድ የሚሸጥ። ሄድኩ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ።

«አካውንትሽ የየት ሀገር ነው?»

«የየትም አይደለም። የኛ የለማ!»

«አውቃለሁ። ማለቴ፣ የየት ልታደርጊው ነው? ኮዱ ከሀገሩ ጋር ካልገጠመ አይሠራም። አሜሪካ በይው፣ በቃ።»

አሜሪካ አልኩት። በሱ ኮምፒዩተር ስመዘገብ የመንገድ ስም ሲጠይቀኝ ሰውየው ቃል በቃል አስጻፈኝ። ሁሉም ደንበኞቹ የሚኖሩት እዚያው ቤት ነው አለኝና ሳቀ። አንድ ጌም በሐቅ ለመግዛት ብዬ በማላውቀው ከተማ፣ በማላውቀው ቤት እኖራለሁ ብዬ ዋሸሁ።

ኮዱ ሠራ። ጌሙ የኔ ሆነ ተባለ። ግን የለም፤ ገና ይወርዳል። ቤት ባለው ኢንተርኔት ስሞክረው ማሽኑ የሚቀረውን ጊዜ በቀናት ይቆጥርልኛል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀናቱ ጨምረው ይጠብቁኛል። በመጨረሻ የቢሯችንን የኮምፒዩተር ባለሙያ ለምኜ ቅዳሜ ማሽኑን በፌስታል ተሸክሜ ቢሮ ገባሁ። ከኮምፒዩተሬ ስክሪን ጋር አገናኝተን ማውረድ ጀመርን። ጥሩ እየሄደ ሳለ የክፍል ኃላፊያችን ለካ የረሱት ወረቀት ነበራቸው፤ ከች አሉ። እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጌም ነው። ኢንተርኔቱ እዚህ ስለሚፈጥን እያወረድኩ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«የልጆችሽ ነው?»

«ልጅ የለኝም። የራሴ ነው።»

ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወረቀታቸውን ከመሳቢያ አወጡ።

«ሰኞ እዚህ እንዳላየው» ብለው ወጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሊፍት ውስጥ ፌስታሉን አቅፌ ስወርድ ፊቴ ይነድ ነበር።

ጌሙን ተጫወትኩት፣ አልዋሽም፤ ጥሩ ነበር። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ እቀመጥ ነበር። ታሪኩ ግማሽ እንደደረሰ ግን አንድ ቀን የጌሙ ሥዕል ላይ የቁልፍ ምልክት ወጣ። ስጫነው አካውንቴ ታግዷል ይላል። ለድርጅቱ በማውቀው እንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። የተከፈለበትን የባንክ ካርድ አሳዪን አሉኝ። የቱን ካርድ? ወሎ ሰፈር ተመልሼ ሄድኩ።

«የኔ እህት፣ እኔ ኮድ ሸጥኩልሽ፤ ኮዱም ሠራ» አለኝ ሰውየው። «ከዚያ ወዲያ ያለው የነሱና ያንቺ ነው።»

«ኮዱ በማን ካርድ የተገዛ ነው?»

«እኔም የምገዛው ከሰው ነው። እሱም ከሰው።»

ወንበሩን እንደበፊቱ ሰጥቶኝ ነበር፤ ቆሜ ነው ያነጋገርኩት።

ማታ ወንድሜ ለብቻዬ ወደተከራየሁት ቤት መጣ። ነገርኩት። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው መሰለኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ምን አልኩሽ? ማሽኑን እንደኔ አስከፍቺ፣ ኮፒ አስጭኚ፣ ተገላገይ።»

«ገዝቼው እኮ ነው!»

«ማን ግዢ አለሽ?»

«ሌብነት ነው እኮ አንተ የምታደርገው።»

«እሺ፣ እኔ ሌባ ልሁን። እኔ እየተጫወትኩ ነው፤ አንቺ ደረሰኝ ይዘሽ ቁጭ ብለሻል። ያውም ደረሰኝም የለሽ።»

በሩን ከፍቼ ውጣ አልኩት። በጌም ምክንያት ወንድሜን ከቤቴ አስወጣሁ። የሚያበሳጨው ደግሞ ያለው ሁሉ ልክ መሆኑ ነው። ግዢ ያለኝ የለም፤ ሱቁ ራሱ እንኳን አላለኝም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አልተደዋወልንም።

መፍትሔ ከተባለ የተገኘው በቴሌግራም ነው። የተጫወቱበትን ኦሪጅናል ሲዲ እርስ በርስ የሚሸጡና የሚለዋወጡ ሰዎች ግሩፕ አለ። ያንኑ ጌም የሚሸጥ ሰው አገኘሁና ሥራ ስወጣ ካዛንቺስ ታክሲ ማቆሚያው ጋ ተቀጣጠርን። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የሚኖር፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነው። ሚስቱ በቅርቡ ወልዳለች።

«ለወንድምሽ ነው?» አለኝ ሲዲውን ከጃኬቱ ሲያወጣ።

«ለኔ ነው።»

«እ! ጎበዝ። እና ደግሞ መጨረሻው ላይ ያቺ ሴትዮ—»

«እንዳትነግረኝ!» ብዬ ጮህኩ። ወያላው ሳይቀር ዞሮ አየኝ። ሰውየው ሳቀ፤ እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

ቤት ገብቼ ሲዲውን ስከተው ማሽኑ መጀመሪያ ይህን ያህል ማስተካከያ አውርጂ አለኝ። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅዬ ጣልኩት። ያለ እሱም ከፈተ። አንዳንድ ቦታ ሰዎቹ ግድግዳ ውስጥ ይገባሉ፣ አንዳንድ ቦታ ድምፅ ይጠፋል። ከአዲስ ጀምሬ፣ እየተነጫነጭኩ፣ ጨረስኩት።

በማግስቱ ለወንድሜ ደወልኩለት። ይቅርታም አላልኩት፣ እሱም አላለኝም።

«ጨረስኩት» አልኩት።

«የታገደውን?»

«ሲዲ ገዛሁ። ኦሪጅናል።»

«አውሺኝ» አለ።

«ያንተን አስከፍተኸዋል። አስጭነህ ተጫወት።»

«አስጭኜው ነበር። መሃል ላይ ቆመብኝ።»

ሲዲውን ከቤቴ አላስወጣም ስላልኩት፣ ወደደም ጠላም ቤቴ መጥቶ መጫወት ነበረበት። መጣ። እንጀራ ወጥ ሳቀርብለት በአንድ እጁ እየበላ በሌላው እየነካካ፣ ጆይስቲኩን ዘይት በዘይት አደረገልኝ።