ዴስኩ ከወጣ በኋላ

ደርግ ከወደቀ ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ፣ ትምህርት ቤታችን «ዘመናዊ ክፍል» አገኘ። ቴሌቪዥን ከሰሌዳው በላይ በብረት ሳጥን ተቆልፎ ተሰቀለ። ለሦስት የምንቀመጥባቸው ረጃጅም ዴስኮች ወጡና መጻፊያ ክንድ ያላቸው ነጠላ ወንበሮች ገቡ። ርዕሰ መምህሩ ሰልፍ ላይ «ከእንግዲህ መኮራረጅ ቀረ!» ሲሉ ተማሪው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ግን ክው አልኩ።

ከሩቅ አይታየኝም ነበር። ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ለእኔ የጠመኔ ብናኝ ነው። ረጅም ስለነበርኩ ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚያስቀምጡኝ። ቢሆንም ምን ቸገረኝ፣ አጠገቤ ጓደኛዬ አለች! አስተማሪው ሲጽፍ እሷ በሹክሹክታ ታነብልኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። እሷ መጻፍ ሞቷ ነው፤ ከትምህርት በኋላ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ከእኔ ትገለብጣለች። እንዲህ አድርገን ስንት ክፍል አለፍን።

ከሷ በቀር ጉዴን የሚያውቅ አልነበረም። ቤት መናገርማ አይታሰብም። አባቴ ከወሎ መጥቶ ገርጂ ትንሽ ሱቅ ከፍቷል፤ ታላቅ እህቴ ስምንተኛ ክፍል ስትወድቅ «ትምህርቱ ካልሆነላት ሱቅ ታግዘኝ» አለ፣ እሷም ከባንኮኒው ጀርባ እንደተቀመጠች ቀረች። ዓይኔ ከታወቀ የእኔም ዕጣ ያው ነው ብዬ እፈራ ነበር።

በአዲሱ ክፍል በስም ተራ አስቀመጡን። እሷ መስኮቱ ጋ፣ እኔ ከበሩ አጠገብ ጥግ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ይጽፋል፣ ያጠፋል፤ ቆይ አይባል ነገር! በዚያ ሁሉ ተማሪ መሀል እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ማታ ደግሞ ምን ታድርገኝ፣ የምትገለብጠው ነገር የለኝም። መስኮቱ ጋ ከሚቀመጡት ሁለት ልጆች ጋር ወደ ቤት መሄድ ጀመረች። እኔ ከኋላ ከኋላ፣ ድንጋይ እየለጋሁ።

አንድ ቀን ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት አስረከብኩ። የክፍል ኃላፊያችን «አንቺ፣ ምን ነካሽ? ሰነፍ አልነበርሽም እኮ!» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ይሄኔ የጓደኛዬ ድምፅ ከመስኮቱ በኩል ተሰማ፦

«ቲቸር፣ አይታያትም እኮ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘጋኋት።

አባቴ ትምህርት ቤት ተጠራ። ስንመለስ ከፊት ከፊቴ እየፈጠነ ሄደ። አለቀልኝ አልኩ። ሱቁ ጋ ስንደርስ ግን አልቆመም፣ አልፎት ሄደ።

«አባዬ፣ ወዴት ነው?»

«መነጽር ቤት ነዋ! ወላሂ፣ አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ አፍሽ የት ሄዶ ነው? ያቺ ልጅ ባትናገር ምን ሊውጥሽ ነበር?»

«ሱቅ የምታስቀምጠኝ መስሎኝ ነዋ።»

ታክሲ አስቁሞ አስገባኝ። ታክሲው ሃያ ሁለት ማዞሪያ እስኪደርስ በመስኮት ሲያይ ቆየና «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ብቻ አለኝ።

መነጽሩን አድርጌ ክፍል የገባሁ ዕለት የቴሌቪዥኑ መምህር ጢም እንዳለው አየሁ። ለወራት ሲያስተምረኝ ከርሞ! ሳቄ መጣ። ይሄን ለማን ነው የምነግረው? ከሷ ሌላ ማን ይገባዋል? እሷ ባትናገር ኖሮ ከእህቴ ጎን እቀመጥ እንደነበር ደግሞ ገብቶኛል። በእረፍት ሰዓት ኩርፊያዬን ዋጥ አድርጌ ወንበሯ ጋ ሄድኩ።

ቀና ብላ አየችኝ።

«አማረብሽ» አለች። «በቃ አሁን ራስሽ ታነቢያለሽ።»

ክፋት አልነበረባትም። ደብተሯን ሰበሰበችና ከሁለቱ ልጆች ጋር ወጣች።

በፊት ሰው ትንሽ ራቅ ሲለኝ ይደበዝዝብኝ ነበር። እሷ ግን በሩን ወጥታ፣ ሜዳውን አቋርጣ፣ አንደኛዋ የሆነ ነገር ስትነግራት ጥርሷን ገልጣ እስክትስቅ ድረስ ጥርት ብላ ታየችኝ።