ቀፎ ውስጥ የከረመው ዳዊት

ትናንት ጠዋት ጎረቤቴ የወተት ዕቃዋን በወይራ ስታጥን ጢሱ አጥሩን አልፎ ገባና ከተቀመጥሁበት አስነሣኝ። ምን ሆንህ አትበለኝ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ምንም ሳይሆንም ይነሣል፣ ይቀመጣል። ግን የወይራ ጢስ ሲሸተኝ ሁልጊዜ ያ ዘመን ትዝ ይለኛል። ከመጣህ አይቀር ቁጭ በልና ስማኝ፣ ልጄ።

ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ እኔ ጺሜ ገና ብቅ ያለ ጎረምሳ ነበርሁ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ደብር ጠዋት ጠዋት ሕፃናት ፊደል አስቆጥራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመጻሕፍት አጠባበቅ እማራለሁ። ማስቆጠሩ እንኳ የእኔ ሥራ አልነበረም፣ እኔ የየኔታ አጋዥ ነበርሁ። እሳቸው ጠመንጃ አንሥተው ከአርበኞች ጋር ጫካ ሲገቡ ልጆቹ በእኔ ላይ ወደቁ። ምን አውቄ! ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሀ ሁ ሂ ብለው ሲጮኹ አብሬ እጮኻለሁ፤ ያንቀላፋውን እቀሰቅሳለሁ፤ የንፍጣሙን ንፍጥ እጠርጋለሁ። ፊደል የጨረሱት ዳዊት ይደግማሉ። የልጆቹ ዳዊት አንድ ብቻ ስለነበረ ዙሪያውን ከብበው ይቀመጣሉ፤ ከማዶ የሚቀመጡት ታዲያ ተዘቅዝቆ ማንበብ ለምደው፣ አቃንተህ ብትሰጣቸው ግራ ይገባቸው ነበር። ዛሬማ ፍኖተ ሰላም ወርደህ የታተመ ዳዊት ከሱቅ ትገዛለህ፣ ደግሞ ሳታነበው ታስቀምጠዋለህ።

ልቤ ግን ከሰዓት በኋላው ላይ ነበር። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አባ ያረጁ፣ ቁጡ፣ ሲቆጡም ደስ የሚሉ ሰው ነበሩ። የደብሩ መጻሕፍት በየቆዳ ማኅደራቸው ሆነው ግድግዳው ላይ በየችካላቸው ተሰቅለዋል። ቤቱ ብራናና ሰም ይሸታል፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ጧፍ ይዤ የገባሁ ዕለት በመቋሚያቸው ቅልጥሜን አሉኝ። «ቤቱን ልታነድልኝ ነው? ጣሊያን አነሰኝ?» አሉ። የትኛው መጽሐፍ ለየትኛው በዓል እንደሚወጣ፣ ብራና በየትኛው ወር ፀሐይ እንደሚመታ፣ ብል እንዳይበላው እንዴት እንደሚራገፍ አስተማሩኝ። «ለጥምቀት ቁልፉን አስረክብህና እኔ ሞቴን እጠብቃለሁ» ብለውኝ ነበር። ከዚያች ቁልፍ በላይ የምመኘው ነገር አልነበረኝም። ሚስት እንኳ አልተመኘሁም።

ነሐሴ ሊወጣ ሲል ከጅጋ ገበያ የተመለሱ ሰዎች ክፉ ወሬ ይዘው መጡ። ጣሊያን አንዱን የመንገድ ዳር ደብር «አርበኛ አብልታችኋል» ብሎ ከነመጻሕፍቱ አቃጠለው አሉ። የእኛ የኔታ ጫካ መግባታቸውን ደግሞ ያልሰማ አልነበረም። አባ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አሉና ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ።

የት ይደበቅ? ብንቆፍር አዲስ አፈር ያሳብቃል። ሰው ቤት ብናስቀምጥ ባንዳ ይፈትሻል። መላውን ያመጣው ጎረቤታችን ባለቀፎው ነበር፤ የአገው ሰው፣ ሳቁ ከማዶ የሚሰማ። ለመስከረም ያዘጋጃቸው አዳዲስ የቀርቀሃ ቀፎዎች ነበሩት።

«አባ፣ ቀፎ ማን ይነካል? ጣሊያንም እኮ ንብ ይፈራል» አለ።

አባ ቁልፉን በእጃቸው አገላበጡ። በኋላ «እሺ፣ እንዳልህ» አሉት።

መጻሕፍቱን በሸማ ጠቅልለን በየቀፎው አስተኛናቸው። ዳዊቱን ልጆቹ ራሳቸው አምጥተው፣ ተራ በተራ ተሳልመው ሰጡኝ። «አፋችሁን ያዙ፤ ዝም አይነቅዝም» አሏቸው አባ። ባለቀፎው የንብ መግቢያ ብቻ ትቶ የቀፎዎቹን አፍ በእበት መርጎ፣ ከደብሩ አጠገብ ያለው ዋንዛ ዛፍ ላይ ከመስቀሉ በፊት አባቱም አያቱም ሲያደርጉት እንደኖሩ ቀፎዎቹን በወይራ አጠናቸው። ያልታጠነ ቀፎ ሰቅሎ አያውቅማ! እኛም ለምን አላልነው። እንዲያውም እውነተኛ ቀፎ መሰለልን ብለን ደስ አለን።

ብዙም ሳይቆዩ ጣሊያኖቹ ባንዳ አስከትለው መጡ። ዕቃ ቤቱን ቢበረብሩ ባዶ ችካል ብቻ አገኙ። ባንዳው አባን በጥፊ መታቸውና «መጻሕፍቱስ?» አላቸው። «ብል በላቸው» አሉት፣ ደም እየተፉ። ቤተ ክርስቲያኑንም ዕቃ ቤቱንም ለኮሱት፤ የሣር ክዳን ነውና ወዲያው ተያያዘ። ከዚያ ወዲያ ቁልፉ የሚከፍተው በር አልነበረውም። አንድ ነጭ ወታደር ከዋንዛው ሥር ቆሞ ቀና ብሎ ቀፎዎቹን አየ። ባንዳው በእጁ የንብ ንድፊያ ቢያሳየው ወታደሩ ፈንጠር ብሎ ሸሸ። ቤተ ክርስቲያን እየነደደ እኔ ሳቄ መጣ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

መስከረም ጠባ፣ አደይ ፈነዳ። አንድ ቀን ልጆቹን ሳስጠና አየሩ እምም አለ። ባለቀፎው ከቤቱ እየሮጠ ወጣ። «እሰይ! ግቢ እናቴ! ግቢ!» ይላል። የንቡ መንጋ ዋንዛው ላይ ሲያርፍ ግን ድምፁ ቀጥ አለ። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ወየው ጉዴ! በወይራ ጢስ ሽታ እኔው ጠራኋት!»

ንብ በጢስ ካልሆነ አይወጣም። ጢስ የታየበት መንደር ደግሞ አርበኛ አለበት ተብሎ ከቡሬ ምሽግ ጦር ይላክበት ነበር። ስለዚህ እያየን ዝም አልን። አባ በየቀኑ ዋንዛው ሥር ይቀመጣሉ፣ ጆሮአቸውን ወደ ላይ ጥለው። «እየሠሩበት ነው» ይሉኛል። እህሉ ተቃጥሎ፣ ከብቱ ተነድቶ ረኃብ ገባ። አንዳንዶቹ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ወደ ሽንዲ ተሰደዱ። የቀሩት በቃላቸው የያዙትን መዝሙር ይደግሙ ነበር፤ ኋላ ለእሱም ጉልበት አጡ።

ኅዳር ላይ ጢስ የሚሸፍን ወፍራም ጭጋግ የወረደበት ጠዋት አገኘን። ባለቀፎው አጢሶ ንቡን አስወጣና ቀፎዎቹን በገመድ አወረድናቸው። የመጀመሪያው ሲከፈት ማሩ በእጄ ላይ ፈሰሰ። ሸማው ተቦጫጭቋል፣ የማር እንጀራው በቅጠሎቹ መካከል ገብቶ ተጋግሯል፣ ቀለሙ ሟሙቶ ወንጌሉ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሆኗል። ሌሎቹም ያው። የሚነበብ አንድ መስመር ፍለጋ ቅጠል በቅጠል ገለጥሁ። የለም። አለቀስሁ፤ ጎረምሳ ነኝ ሳልል እንደ ሴት ልጅ አለቀስሁ። ባለቀፎው ፊቱን አዙሮ፣ የተረፈውን የማር እንጀራ ለልጆቹ እናቶች በቅል መሰብሰብ ጀመረ።

አባ ዳዊቱን አምጣ አሉኝ። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አዩት።

ማር የሸተታቸው ልጆች ከጭጋጉ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። የመጨረሻው ትንሹ፣ ገና ሀን ከለ ያልለየው፣ ቀረብ ብሎ ጣቱን ገጹ ላይ አሳረፈና ወደ አፉ ወሰደ። «አንተ!» ብዬ እጄን አነሣሁ። አባ ክንዴን ያዙኝ።

«ተወው፣ ይላሱት። ከእንግዲህ ለማን ላስቀምጠው?»

ቅጠሉን ራሳቸው እየገለጡ ያዙላቸው። ልጆቹ አጎንብሰው ብራናውን ላሱት። ከንፈራቸውም አገጫቸውም በዳዊቱ ቀለም ጠቆረ። የመጨረሻው ቅጠል ላይ ሲደርሱ ትንሹ ቀና አለ።

«አባ፣ ሌላ መጽሐፍ አለ?» አላቸው።

አባ በነጠላቸው ጫፍ አፉን ጠረጉለት።