ስፓስካ የከለከለችው ምስጋና

ስፓስካን በቡልጋሪያዋ ከተማ በሩሴ ያለ ነጋዴ ሁሉ እንደ እሳት ይፈራታል። ጡረታ ከወጣች ወዲህ የተበደለ ሸማች ብሶቱን የሚጽፍበት ድረ ገጽ ከፍታ፣ የተበላሸ እርጎ የሸጠውንም፣ ለጥገና የተቀበለውን ፍሪጅ ይዞ የጠፋውንም ስሙን አደባባይ ታወጣዋለች። እሰየው! ስንቱን አጭበርባሪ አደብ አስገዝታለች። ግን ምስጋና የሚባል ነገር አታስገባም።

«ምስጋና እንደሆነ ነጋዴው ራሱ ከፍሎ ያስነግረዋል» ትላለች። ከያዘች አትለቅም፤ ግትርነቷን መቼም አጥንቷ ውስጥ ነው የከተቱባት።

ሰፈሩ በአክብሮት ባይ ፔንኮ የሚለው፣ በእንጨት የሚነድ የቤት ማሞቂያ ምድጃ ሠሪ ነበር። ምድጃ ለሸጠለት ሁሉ፣ በየዓመቱ ብርዱ ከመግባቱ በፊት እየመጣ የጭስ ማውጫውን በነጻ ይፈትሻል። አንዲት ደንበኛው ይህንኑ ጽፋ ላከች። ስፓስካ ሰረዘችባት። ሴትዮዋ ተናዳ ደወለች።

«ክፉውን ብቻ እየነገራችሁን፣ ታዲያ ከማን እንግዛ?»

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ» ብላ ዘጋችው።

ስለ ባይ ፔንኮ ገጹ ላይ የቀረው፣ አንድ ሰው «ምድጃዬን አዘገየብኝ» ብሎ ያማረረው ብቻ ሆነ።

በዚያው ሰሞን ታናሽ እህቷ ዶብሪንካ ምድጃ ልትገዛ አሰበች።

«እታለም፣ ከባይ ፔንኮ ይሻለኛል ወይስ ከአዲሱ መደብር?»

«ገጹ ላይ እዪዋ። ላንቺ ብዬ ለማንም አላዳላም።»

«ወይ አንቺ! የእናትሽን ልጅ እንደ መንገደኛ?»

ተሳሳቁ። ዶብሪንካም አየች። ባይ ፔንኮ ላይ ስሞታ አለ፣ አዲሱ መደብር ላይ ምንም የለም። ትናንት የተከፈተ ሱቅ ላይ ማን ስሞታ ይጽፋል? ምስኪን፣ ከአዲሱ ገዛች። መደብሩ ምድጃውን አራግፎ ሄደ፤ ጭስ ማውጫውን ቀና ብሎ ያየላት የለም።

ጥር ላይ ባሏ ቶንቾ ለሥራ ቫርና ወደምትባል ከተማ ሄዶ ሳለ ዶብሪንካ ምድጃውን አንድዳ ተኛች። ጭስ ማውጫው ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታበት ኖሮ፣ ጭሱ መውጫ አጥቶ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ቤቱን ሞላው። በማግስቱ በሩን ሰብረው ሲገቡ አልጋዋ ላይ እንደተኛች ቀርታለች።

በአገሩ ልማድ በሟች በር ላይ የሚለጠፈውን የሞት ማስታወቂያ እንድትጽፍ ለስፓስካ ተሰጣት፤ ከቤተሰቡ ጽሑፍ የሚሆንላት እሷ ናትና። የእህቷን ደግነት ጻፈች፤ ጽፋ አልጠግብ አለች። እንባዋ ወረቀቱን እያበላሸባት ደጋግማ ገለበጠችው።

ቶንቾ ሊወስደው መጣ። ቤቷ ሞቅ ብሏል። ወረቀቱን ሳይቀበላት ምድጃዋን አየ።

«ይሄ ከማን የተገዛ ነው?»

ወረቀቱን እንደገና ዘረጋችለት።

«ስፓስካ፣ ከማን ነው?»

«ከባይ ፔንኮ።»

«እየመጣ ጭስ ማውጫውን ያይልሻል?»

«ያያል። ዘንድሮም መጥቶ ነበር።»

ቶንቾ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ቢጮህባት፣ ቢሰድባት በወደደች። እሱ ግን በቀስታ ነው የጠየቃት።

«ጠይቃሽ ነበር አይደል? ነግራኛለች።»

«ደንቡ ነው ብዬ . . . ለሁሉም እኩል ልሁን ብዬ ነው፣ ቶንቾ።»

ቶንቾ ተነሣና ወረቀቱን ከእጇ ወሰደ። እሷም ካፖርቷን አንሥታ ተከተለችው፤ በእህቷ በር ላይ አብራው ልትለጥፍ።

«አንቺ እዚሁ ቅሪ» አላት።