በገዛ ቤቱ እንግዳ

ልጄ ትናንት ስልኳን አቀበለችኝ። ፎቶ ነው። የክፍሏ ተማሪዎች የሰው ፊት የተቀረጸበት ትክል ድንጋይ ላይ ክርናቸውን አስደግፈው ይሳሳቃሉ። የጥንት ታሪክ ተማሪዎች ናቸው። የድንጋዩን ሽበት ሳይ እርጥብ አፈርና የአውቶቡስ ናፍጣ ሸተተኝ። ስልኩን መለስኩላት። ለሷ ያልነገርኳትን ላንተ ልንገርህ።

ማትሪክ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ዲላ፣ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ እሰፋ ነበር። ጓደኛዬ ግን እዚያው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ታሪክ ደረሰው። ሀንድአውቱን እየተዋስኩ ስለ ሮምና ስለ ግብፅ ለብቻዬ አነብ ነበር። አልቀናሁም ብል እዋሻለሁ። ለክፍሉ ተማሪዎች የነበረኝ ንቀት ግን ከቅናት አልመጣም። እነዚያ ተማሪዎች የሮም ነገሥታትን በተርታ ይሸመድዱና ፈተና ላይ ተፍተዋቸው በማግስቱ ይረሷቸዋል። ለጥንት ሰው የነበራቸው ክብር ከፈተናው ነጥብ አያልፍም ነበር።

ጓደኛዬ ከሁሉም ይብስ ነበር። አባቱ ቡናና እንሰት የሚያለሙ ገበሬ ሆነው ሳለ፣ ለአዲስ አበባ ልጆች «ፋዘር ቡና ኤክስፖርተር ነው» ብሎ አውርቶላቸዋል።

አንድ ቅዳሜ መምህራቸው ትክል ድንጋይ ሊያሳያቸው ይዟቸው ወጣ። ጓደኛዬ አስፈቅዶ እኔንም አሳፈረኝ። ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ብዙ ከተጓዝን በኋላ የታሰበው ቦታ መግቢያው በጭቃ ተዘጋብን። መምህሩ ወርዶ ሰው አነጋገረና፣ «ሌላ አለ፤ የአንድ ገበሬ ጓሮ ነው» ብሎ ተመለሰ። አውቶቡሱ ሲታጠፍ የጓደኛዬ ፊት አመድ መሰለ። መንገዱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ጓሮው የአባቱ ነው።

«አደራህን፣ እንዳታጋልጠኝ» አለኝ በጆሮዬ።

አባትየው ቦት ጫማቸው ላይ ጭቃ እንደጋገረ በር ላይ ቆመው ነበር። ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ እጃቸውን ዘረጉ። እሱ ደብተሩን እያገላበጠ አለፋቸው።

ከአዲስ አበባ ልጆች አንዷ፣ «ኧረ ሽማግሌው ቁርጥ አንተን!» ብላ ሳቀች።

«የዚህ አገር ሰው ሁሉ ይመሳሰላል ባክሽ» አላት።

አባትየው ሰሙ። አማርኛቸው ለዚህ አያንስም ነበር። የተዘረጋው እጅ ቀስ ብሎ ተነሳና ኮፍያቸውን አስተካከለ። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ለባለቤታቸው በጌዴኦኛ አንድ ነገር ነገሯቸው።

መምህሩ ድንጋዮቹ መሃል ቆሞ ስለ አባቶች፣ ስለ ቅርስ፣ ስለ ማንነት ብዙ አወራ። ካፊያው የእንሰቱን ቅጠል ይመታል። ጓደኛዬ ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል። እንዲህ ላለ ሰው ትምህርት ምን ያደርግለታል? ውሸቱን ያሳምርለታል እንጂ!

ጉብኝቱ ሲያልቅ ምሳ ተሰናድቶ ጠበቀን፤ ትኩስ ቆጮና ጎመን በቅቤ። በዚያ ቤት ወግ እንግዳ ቀድሞ ይበላል፤ የቤት ልጅ ምድጃው ዳር ቆይቶ መጨረሻ ላይ ይቀርብለታል። ብዙ ቀን ከጓደኛዬ ጋር እዚያ ዳር ተቀምጬ ተራዬን ጠብቄአለሁ። ያን ቀን ብቻዬን ተቀመጥኩ። እናትየው ከእሳቱ ቀና አላሉም።

አባትየው እያደሉ ልጃቸው ዘንድ ደረሱ። ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው አቀረቡለትና፣ «ይብሉ ጌታዬ» አሉት።

የገዛ ልጃቸውን «ይብሉ» አሉት! እሱም በላ።  ዛሬ ትልቅ ቢሮ ተቀምጦ ስለ ቅርስ ጥበቃ ይናገራል አሉ። መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም አልለውም።

እንግዶቹ በልተው እጃቸውን ሲታጠቡ አባትየው ወደ ምድጃው መጡ። በቅቤ የራሰ ቁራሽ ይዘዋል፤ ከሁሉም ወፍራሙ። አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ይቺ የልጄ ነች» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛሬ አልመጣም። አንተ ብላት።»