ሳሙና እና የጓሮው ወፎች

ሰፈሩ «ሳሙና» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት የሚሠራበት ፎቶ ቤት ደንበኞች ናቸው፤ የማንንም ፊት አጥቦ ያወጣል ብለው። ብጉር፣ ማድያት፣ የጎደለ ጥርስ፣ ከዓይን ስር የተንጠለጠለ ድካም፣ ሁሉም በእሱ እጅ ይጸዳል። አንድ ጊዜ ከሠርግ ፎቶ ላይ የሙሽራዋን የቀድሞ እጮኛ አጥፍቶ በቦታው የአበባ ማስቀመጫ አቁሞበታል፤ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ «ይህን የመሰለ አበባ ማን ነበር ያመጣው?» እያለ ይጨቃጨቃል።

ከፎቶ ቤቱ ጀርባ፣ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ፣ ኮምፒውተር ላይ እንደተደፋ ጸጉሩ ሸበተ። ሥራው ሲያልቅ ግን ከፎቶው ግርጌ የሚታተመው የአለቃው ስም ነው። ደንበኛም የሚያመሰግነው አለቃውን ነው። «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!» ሲሉ በግድግዳው በኩል ይሰማል፤ ጥርሱን ነክሶ የሌላዋን ደንበኛ አገጭ ማቅጠኑን ይቀጥላል።

ነገሩ ውስጥ ውስጡን ሲበላው ኖረ። ስሙ የተጻፈበት ፎቶ፣ አንድ ብቻ ይሁን፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማየት ፈለገ። ያገለገለ ካሜራና እንደ ክንድ የረዘመ ሌንስ ገዛ። ምን ላንሳ ብሎም ብዙ አልተጨነቀም። ሰው ሰልችቶታል። ሰው ይህን አጥፋልኝ፣ ያንን አሳንስልኝ ማለት ያበዛል፤ ወፍ ምንም አይልም።

ወፎቹ ደግሞ ደጁ ድረስ መጥተው ነበር። የመጡት ግን ለእሱ ሳይሆን ለሚስቱ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ ከቤት እምብዛም አትወጣም፤ በእጅ የሚዞረውን የስፌት መኪናዋን የጓሮው መስኮት ስር አስጠግታ ስትሰፋ ትውላለች። ከመስኮቱ ትይዩ ያለውን አጥር ሐረግ አልብሶታል። ሐረጉ ውስጥ ደረታቸው ቢጫ የሆነ ጥንድ ወፎች ጎጆ ሠርተዋል። ሴትየዋ የዳቦ ፍርፋሪ ትበትንላቸዋለች፤ መኪናዋ ሲንኳኳ እንኳ አይበረግጉም። ስታወራቸው እንደ ጎረቤት ነው። «አንቺ ደግሞ ምን ነካሽ ዛሬ? ባልሽ ሲለፋ ቁጭ ብለሽ ታያለሽ?»

ሳሙና በእረፍት ቀኑ ከወንበሯ ጎን እየቆመ ማንሳት ጀመረ። የሚወጣለት ቅጠል ብቻ ሆነ። ቅጠል፣ ከቅጠል ጀርባ ጭራ፣ ደግሞ ቅጠል። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም ጫጫታቸው ይሰማል እንጂ አንዳቸውም አይታዩም። በዚያው ሰሞን የከተማው አዳራሽ የፎቶ ውድድር ሊያዘጋጅ መሆኑ ተነገረ። ሳሙና ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻለም። አንድ ማለዳ፣ ሚስቱ ሳትነሳ፣ የአትክልት መቀስ ይዞ ወጣና ጎጆውን የከለለውን ሐረግ ገሽልጦ ጣለው።

ሚስቱ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ እጇ የመኪናው እጀታ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ምን አደረግክ?»

«ብርሃን እንዲገባ ነው። መልሶ ይበቅላል።»

«እስኪበቅል ማን ይከልላቸዋል? ፀሐዩስ? ቁራውስ?»

«አይዞሽ፣ ፎቶው ላይ ቅጠሉን እመልሰዋለሁ» አለና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ጎጆው ላይ ወረደ። እናትየዋ ምግብ ማምጣቱን ትታ በጫጩቶቹ ላይ ክንፏን ዘረጋች፤ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ሳሙና ይህንንም አነሳ። «እንዴት ታምራለች!» አለ። ሚስቱ ከስፌት የተረፈ ጨርቅ አነሳችና «እባክህ ይህን ከላያቸው ወጥረህ እሰርላቸው» አለችው። «ትንሽ ቆይቼ» ብሎ ጨርቁን ጭኗ ላይ መለሰላት። ሁለተኛ ብትጠይቀውም ያው «ትንሽ ቆይቼ» ነው።

ቁራው የመጣው በዚያው ከሰዓት በኋላ ነው። አጥሩ ጫፍ ላይ አርፎ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ የተራቆተውን ጎጆ አየው። ሳሙና ሌንሱን አስተካከለ። የመስኮቱን መስታወት አንዴ ኳ ቢያደርገው ቁራው ይበር ነበር። እሱም ያውቃል፣ ሚስቱም ታውቃለች።

«አባረው!» አለች።

የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ። ካሜራው ጣት ካልተነሳለት እየደጋገመ የሚያነሳ ነው፤ ትርትርትር አለ። ቁራው ወረደ። እናትየዋ ጭብጥ የማትሞላ ሆና ሳለች ዓይኑ ላይ ተወረወረችበት። በክንፉ ገፍቷት የመጀመሪያዋን ጫጩት አነሳ።

«ኧረ አባረው፣ አንተ ሰው! በፈጠረህ!»

መስታወቱን ራሷ ልትመታ ተነሳች። ጉልበቷ ከዳት። ከነወንበሩ ስትወድቅ የሰውነቷን ክብደት የተቀበለው ከስሯ የታጠፈው ቀኝ እጇ ነው። አጥንቷ ቀጭ ሲል ተሰማ።

ሳሙና ካሜራውን ከፊቱ ሳያወርድ ዞረ። አያት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

ቁራው ተመላልሶ የመጨረሻዋን ጫጩት ይዞ አጥሩን እስኪሻገር ጣቱን አላነሳም። «ውይ! ምን ሆንሽ?» ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐኪሙ እጇን በጄሶ አሰረላት። ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ «እኔ እኮ ስትወድቂ አልሰማሁሽም፤ ካሜራው ይጮሃል» አላት። «እሺ» አለች። ሊጠይቋት ለመጡ ጎረቤቶችም ይህንኑ ተረከ። እሷ አልጋው ላይ ተደግፋ «አዎ፣ ካሜራው ይጮሃል» እያለች አጀበችው።

ፎቶዎቹን ፎቶ ቤት ወስዶ ኮምፒውተሩ ላይ ሲዘረጋቸው ወንበሩን አስጠጋ። ከመካከላቸው አንዱ ጉድ የሚያሰኝ ነበር፤ ቁራው ጫጩቷን በምንቃሩ አንጠልጥሎ፣ እናትየዋ አየር ላይ ክንፏ ተበርግዶ። ቀጥሎ ደግሞ አንዲት ብዥ ያለች ፎቶ መጣች። የተገለበጠ ወንበር፣ ጫማ ያመለጠው እግር፣ ወደ ካሜራው የቀና የሚስቱ ፊት። ሲዞርም ጣቱ አልተነሳም ነበር። ቶሎ ብሎ ከኮምፒውተሩ አጠፋት። የካሜራው ሚሞሪ ካርድ ላይ መኖሯን ግን ዘነጋው።

ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበና ሥራ ጀመረ። የተቆረጠውን የሐረግ ጉቶ አንድ በአንድ ደመሰሰ። ከከሸፉት የድሮ ፎቶዎች ቅጠል እየቀዳ ለጠፈ፤ ለየቅጠሉ ጥላ ሰጠው። ጎጆው ጫካ መሐል ያለ መሰለ። «እንዲህ ነበር እኮ» አለ ለራሱ፤ ሊያምነው ትንሽ ቀርቶት ነበር።

በትልቁ የሚያትመው ማሽን ቁልፉ አለቃው ኪስ ነው። አለቃው ፎቶውን አይቶ ከወንበሩ ተነሳ።

«እውነት አንተ ነህ ያነሳኸው? ካርዱን አምጣ እስቲ!»

ሳሙና በኩራት አቀበለው። አለቃው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያሳለፈ መጣና ድንገት ቆመ።

«ይቺ ሚስትህ አይደለችም እንዴ?»

አለቃው ወደፊት አንድ ሄደ፤ ቁራ። ወደኋላ ተመለሰ፤ ሚስት። ደግሞ ወደፊት፤ ቁራ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አይ ሳሙና! ለካ እኔ ክፉ የምባለው በከንቱ ነው!»

«ጋሼ፣ እባክዎ…»

«ምን እባክዎ አለው? ከእኔ አይወጣም። ፎቶው ግን በእኔ ስም ይገባል። ካልተስማማን ይቺንም አጠገቡ እንሰቅላታለን።»

ፎቶው አንደኛ ወጣ። በመክፈቻው ቀን ሚስቱ ካላየሁ አለች። ጄሶዋን በጨርቅ አንጠልጥላ፣ በእሱ ክርን ተደግፋ መጣች። ከዳኞቹ አንዷ አለቃውን «በዚያ ሁሉ ቅጠል መሐል እንዴት አገኙት?» ብላ ጠየቀችው። «ትዕግሥት ነው፣ እመቤቴ» አላት፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ። ሳሙና ከኋላው ቆሞ ነበር፤ ማንም አላየውም።

ሚስቱ ፎቶው ፊት ብዙ ቆየች። ከግርጌው ያለውን ስም አነበበች።

«ያንተ ስም የታለ?»

«ጋሼ ወሰደው።»

«ለምን ሰጠኸው?»

«አንዲት ፎቶ አይቶ… ተይው እስቲ።»

«እኔ የወደቅኩባትን?»

የያዘችው ክርን ደረቀ።

«አንቺ… ካርዱን አይተሻል?»

«ምን ካርድ አስፈለገኝ? እኔ እዚያው ነበርኩ እኮ። ዞረህ አየኸኝ። አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?»

«ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነዋ። አሁን ወደ ቤት ውሰደኝ፣ እግሬን አመመኝ።»

አጥንቷ ተጣምሞ ገጠመ። ጣቶቿ እሺ ስላላሏት የስፌት መኪናዋን ለእህቷ ልጅ ሰጠችው። እህቷ «ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ» ብላት ነበር፤ የቤትሽን ደረጃ በዚህ ጉልበት አልችለውም ብላ ቀረች። ሳሙና ያው ፊት ያጥባል። ፎቶው በትልቁ ታትሞ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ተሰቅሏል፤ የሚገባ የሚወጣው «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!» ይላል።

ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ቀሚሷን የሚቆልፍላት እሱ ነው። ቁልፎቹ ከኋላ ናቸው። ጀርባዋን ትሰጠዋለች፣ እሱም ከታች ጀምሮ እየቆለፈ ይወጣል። አንገቷ ጋ ሲደርስ ብቻ «የላይኛውን ተወው፣ ያንቀኛል» ትለዋለች። ይተውላታል።